ደመወዝ ከፋዩ ማነው?

ሰሞኑን በዘነበወርቅ መንገድ ዳር ካለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ሳለሁ ባለቤቱ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ «ዊንዶውስ ባለቤት አለው፤ ዋጋም ያስከፍላል። ሊኑክስን ግን በነፃ ይሰጣል ትላላችሁ፤ ለመሆኑ የሚሠሩትን ሰዎች ቀለብ የሚሰፍርላቸው ማነው?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛውን ሥራ የሚያከናውኑት እንደ ኢንቴል፣ ጉግልና ሬድ ሃት ካሉ ኩባንያዎች ደመወዝ የሚቀበሉ ባለሙያዎች ናቸው። የዊንዶውስ ጌታ ማይክሮሶፍት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 የሊኑክስ ፋውንዴሽን አባል ሆኗል። ነጋዴ ደግሞ ገንዘቡን የሚያወጣው ለጽድቅ ሳይሆን ለትርፍ ነው።

እንግዲያስ ልዩነታቸው ምን ላይ ነው? ከፋዩ ሐሳቡን በለወጠ ጊዜ ተገልጋዩ በሚኖረው መብት ላይ ነው። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ2019 ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በማግሥቱ ዓመት ሬድ ሃት በነፃ የሚታደለው ሴንት ኦኤስ 8፣ እስከ 2029 ይቆያል የተባለው ቀርቶ፣ በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ አስታወቀ። ብዙ ሰው አዘነ። ነገር ግን ኮዱ ክፍት ነበርና ሌሎች ተረክበው በዚያው በ2021 አልማሊኑክስንና ሮኪ ሊኑክስን አወጡ። በአንጻሩ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ሲያቆም፣ ኮዱ የተዘጋ በመሆኑ ሌላ ሰው ተረክቦ ሊቀጥለው አልቻለም።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፊደላችን በዩኒኮድ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዊንዶውስ ጋራ አብሮ የመጣው ግን በ2007 ለገበያ በቀረበው በቪስታ ነው። እስከዚያ ድረስ እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ፣ ለብቻቸው በሚጫኑ ፕሮግራሞች ስንጽፍ ቆየን።

ይሁን እንጂ መብት ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ኮዱ ክፍት ቢሆንም አንባቢ ካጣ ከተዘጋው አይሻልም። ስለዚህ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፣ መሥሪያ ቤታችሁ ኮምፒዩተር ሲገዛ ዋጋውን ብቻ አትመልከቱ፤ «ሻጩ ቢተወን ሥራውን ማን ይቀጥላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ተማሪዎችም ተጠቃሚዎች ብቻ ሆናችሁ አትቅሩ፤ ኮዱን አንብቡ፣ አርሙ፣ ጥቂት መስመርም ቢሆን አዋጡ። በሰው ወርቅ አይደመቅምና።

ለጽሕፈት ቤቱ ባለቤትም የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው፤ ዛሬ ከፋዩ ኩባንያ ነው፤ ከፋዩ በሄደ ቀን ሥራውን የሚረከብ ሰው ማዘጋጀት ግን የእኛ ፈንታ ነው።