የሌላው ምጣድ

ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ቋንቋ የእናቱ ቋንቋ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለምደውም ጣዕም የእናቱ ምጣድ ጣዕም ነው። ይሁን እንጂ የሌላውን ሕዝብ ቋንቋ ለመማር የሚተጋ ሰው እንደ ብልህ ሲቆጠር፣ የሌላውን ሕዝብ ምግብ ሠርቶ ለማወቅ የሚተጋ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ሆዳም ወይም እንደ ሥራ ፈት ይታያል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። በራሱ ቤትና በራሱ እጅ የሌሎችን ሕዝቦች ምግብ ለመሥራት የሚጥር ሰው ከመጻሕፍት በቀላሉ የማያገኘውን ዕውቀት ያገኛል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን አንድ ግዴታ አለበት፤ ምግቡን ከባለቤቱ መማርና ባለቤቱ እንደሚሠራው አድርጎ መሥራት።

ወደዚህ አሳብ የደረስሁት በጥፋት መንገድ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመደብሁት በጉራጌ አገር ነበር። ያደግሁት በጎጃም፣ ጤፍና ገብስ በሚበላበት ቀበሌ ስለ ሆነ ቆጮን በስም እንጂ በዓይን አላውቀውም። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ከሚሸጥበት ሥፍራ ስደርስ፣ ሽታው እንግዳ ሆነብኝና አፍንጫዬን በመሐረብ ያዝሁ። ቀና ብል ከተማሪዎቼ አንዱ ከፊቴ ቆሟል። ሻጯ እናቱ ነበሩ። ልጁ ምንም አልተናገረም፤ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ ጥያቄ ሲመልስልኝ አላየሁም።

በዚያው ሰሞን ቤት ያከራዩኝን እማማ ቆጮ መጋገር እንዲያስተምሩኝ ለመንኋቸው። ወንድ ልጅ፣ ያውም መምህር፣ ማጀት ገባ ተብሎ የመንደሩ ሰው ስቆብኛል። አስቀድሜ ግን በራሴ ሞክሬ ነበር። ከገበያ የገዛሁትን እንደ ዳቦ ሊጥ ምጣድ ላይ ብደፋው ጭረቱ በጥርሴ መካከል የሚቀር፣ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣልኝ። እማማ አይተው፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ ጤፍ አይደለም። መጀመሪያ ውሃው ይውጣ» አሉና ጨምቀው አሳዩኝ። ቀጥለውም ጭረቱ እንዲያጥር በቢላዋ ወዲህና ወዲያ ከተከቱት፤ ነፉት፤ በእንሰት ቅጠል ላይ ዘርግተው፣ በላዩም ቅጠል አልብሰው ምጣዱ ላይ አኖሩት።

ቆጮ ገበያ ከመድረሱ በፊት ያለው ድካም ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። እንሰት ከሙዝ ጋር ቢመሳሰልም የሚበላው ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው። ተክሉ ለመድረስ እንደ አገሩ ቅዝቃዜና ሙቀት አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሴቶች ተሰብስበው የግንዱን ሽፋኖች በተጋደመ ሳንቃ ላይ በቀርከሃ ይፍቃሉ፤ ሥሩን ይቀጠቅጣሉ። ከዚህ የሚወጣው ውሃ ረግቶ ከታች የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ ቡላ ነው። የተረፈው ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ለሳምንታት፣ በደጋው አገር ለወራት ይብላላል። እንግዲህ እኔ በመሐረብ የሸሸሁት ሽታ ይህ የመብላላት ሥራ ነበር። የእንጀራ ሊጥም ይቦካል፤ የእርሾውን ሽታ ግን ከልጅነታችን ስለ ለመድነው ሽታ ብለን አንጠራውም።

ይበልጥ ያስገረመኝ ሌላ ነው። እናቴ የበዓል ዳቦ የምትጋግረው በኮባ ቅጠል ነበር። ያ ኮባ የምንለው ተክል ራሱ እንሰት ነው! ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ጎብኝቶ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንሰትን በሥዕል አስደግፎ ገልጿል፤ ከጣና ሐይቅ በስተደቡብ በሚገኝ አገር በብዛት እየተተከለ ለሰው ምግብ ይሆን እንደ ነበርም ጽፏል። ስለዚህ ከእንግዳ ሰው ምግብ የሸሸሁ መስሎኝ ከራሴ ጓሮ ተክል ነበር የሸሸሁት። ዛሬ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ኑሮው በእንሰት ላይ የተመሠረተው ሕዝብ ወደ 20 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። እንሰት በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ሊቆረጥ ስለሚችልና ዝናብ ሲያጥር ቶሎ ስለማይሸነፍ በክፉ ቀን የብዙ ቤተሰብ ተስፋ ነው። አጠውልግ የሚባለው በሽታ ሲገባበት ደግሞ የዓመታት ልፋት በአንድ ወቅት ይጠፋል። ቆጮን ከክትፎ ጎን ከሚቀርብ ቁራሽ አሳልፎ የማያውቅ የከተማ ሰው ይህን ጭንቀት ከየት ያውቀዋል? ክትፎ በጉራጌ የመስቀል ማዕድ ነው፤ በዘወትር ቀን ቆጮው ከጎመን ጋር ይበላል። በምግብ ቤት የምናየው የሰውን በዓል እንጂ የሰውን ኑሮ አይደለም።

ሁለተኛው ጥፋቴ ከመጀመሪያው ይልቅ ረቂቅ ነበር፤ ምክንያቱም ከንቀት ሳይሆን ከፍቅር የመጣ ነው። ከዓመታት በኋላ ኮንሶ ተወላጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬን እራት ጠራሁና ኩርኩፋ ሠራሁለት። ኩርኩፋ የማሽላ ወይም የበቆሎ ዱቄት ተድቦልቡሎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚቀቀል ምግብ ነው። እኔ ግን ገና ሳየው ጣዕም የሚያንሰው መሰለኝና ሽንኩርት አቁላልቼ፣ በርበሬና ቅቤ ጨምሬ አሳመርሁት። ባልደረባዬ በትሕትና በልቶ ሲጨርስ፣ «ጥሩ ወጥ ነው» አለኝ። እርሱ ያለው እውነት ነው። የሠራሁት ወጥ ነበር። የሽፈራው ቅጠል የራሱ የሆነ ለስላሳ ምሬት አለው፤ እኔም ሳልቀምሰው በበርበሬ ደፈንሁት።

የምግብ ወዳጅ ነኝ ከሚሉት ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሌላውን ሕዝብ ምግብ በጋለ ስሜት ይጀምሩና ሁሉንም ወደ ራሳቸው ጣዕም መልሰው ያስተካክሉታል። የሚያስተካክሉበት በርበሬ እንኳ የአያት የቅድመ አያት ርስት አይደለም። የበርበሬ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የተሠራጨውም ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ከተጓዘ በኋላ ነው። በቆሎና ድንችም እንዲሁ ናቸው። አንድ ጊዜ እንግዳ የነበረውን በርበሬ የተቀበለ ማጀት ለሽፈራው ቅጠል የሚነፍገው ቦታ ሊኖረው አይገባም።

የሚቃወሙኝ አሉ። አንዳንዶቹ ጾምንና የእርድ ሥርዓትን ያነሣሉ፤ ይህ መከበር የሚገባው ነገር ነው። ነገር ግን የወለጋ አንጮቴ ሥጋ አይፈልግም፤ ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ተልጦ የሚበላ ሥር ነው። ሌሎች ደግሞ ወጪውን ያነሣሉ። የምሥራቅ ትግራይ ጥሕሎ ከተቆላ ገብስ ዱቄት በውሃ ተለውሶ ይድቦለቦላል፤ በእንጨት መውጊያ እየተወጋም በወጥ እየተነከረ ይበላል። ዱቄቱ ከየትኛው ወርቅ ቤት ይገዛል?

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ በእናንተ ዕድሜ ባሉት ዘንድ የሚታየው ነው። በምሳ ሰዓት ዕቃውን ይዞ ወደ ክፍሉ ጀርባ የሚሄድ ተማሪ አይቼ አውቃለሁ። ያመጣው ምግብ ስለሚሳቅበት ነው። ሲዳማዎች የፍቼ ጨምበላላን በዓል ሲያከብሩ አንድ ላይ የሚቀርቡበት ማዕድ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የሚዘጋጅ ነው፤ በዓሉም በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ያው እንሰት በምሳ ዕቃ ሲመጣ «እንጨት በል» የሚያሰኝ ከሆነ፣ በመዝገብ የከበረው በዓል ለዚያ ልጅ ምን ይጠቅመዋል? ከሚስቁት አንዱ፣ «እንዴት ነው የሚሠራው? እናትህ ያስተምሩኛል?» ብሎ ቢጠይቀው ግን ልጁ ምሳውን ይዞ ከክፍሉ ጀርባ አይሄድም ነበር።

እኔ ዛሬም ቆጮ እጋግራለሁ። ዳሩ ደርሶ መካከሉ ጥሬ የሚሆንብኝ ጊዜ ብዙ ነው። እማማ በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን የጋገርሁትን ቆርሰው ከቀመሱ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አላመጡ። ከዚያም፣ «ልጄ፣ እሳቱን ፈርተኸዋል። ቅጠሉ ይረር እንጂ!» አሉኝ።