የቧንቧው ውሃና የግቢው ታንከር

በሪያድ በሰው ቤት የምንሠራ ሁላችን «የቧንቧውን ውሃ ብጠጣ ያመኛል ወይ?» እንባባላለን። አንዳንድ ቤት የታሸገው ውሃ ለባለቤቶቹ ብቻ ይሆንና ሠራተኛዋን «አንቺ ከቧንቧ ጠጪ» ይሏታል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከዋናው መስመር የሚመጣው ውሃ በራሱ የሚያስፈራ አይደለም። ሪያድ ወንዝ የላትም። አብዛኛው ውሃዋ በባሕሩ ዳር ካሉት ከጁቤይልና ከራስ አል ኸይር ጨው እየተለየለት፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በቱቦ ተገፍቶ፣ ወደ 600 ሜትር ከፍታ ወጥቶ ነው የሚደርሰን። የጁቤይሉ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይመጣል። ከጉድጓድ ውሃም ጋር ይቀላቀላል፣ ክሎሪንም ይጨመርበታል። በረኪና በረኪና ሲል የምንሸሸው ሽታ እኮ ጠባቂው ነው!

ነገሩ የሚበላሸው ግቢ ከገባ በኋላ ነው። ውሃው መጀመሪያ ከመሬት በታች ባለው ኸዛን ይጠራቀማል፤ ከዚያ በፓምፕ ጣሪያ ላይ ወዳለው ታንከር ይወጣል። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ክሎሪኑ ይጠፋል፣ ውሃው ይሞቃል፣ ተሕዋስያን ይራባሉ። ክዳኑ ካልገጠመ አቧራውም በረሮውም ይገባል። የምድሩ ኸዛን ከተሰነጠቀማ የፍሳሽ ውሃ ሊሰርግበት ይችላል። የወንዝ ውሃ ጠጥተን አድገናል የምትሉ አላችሁ፤ አዎን፣ አሜባውንም አብረን ጠጥተናል።

ዝም የማንለው ግን ስለ እጥበቱ ነው። «ኸዛኑ ውስጥ ግቢና እጠቢው» የምትባል እህት አለች። እኛ ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። ጉድጓዱ ጨለማ ነው፣ አየር የለውም። በረኪና ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛም ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይሄድም፤ ታች፣ አንቺ ባለሽበት ይረጋል። ልታወጣሽ የምትገባዋም አብራሽ ልትወድቅ ትችላለች። ይህ መሣሪያና ረዳት ይዘው የሚመጡ፣ ሙያቸው ያደረጉ ሰዎች ሥራ ነው፤ በከተማው ሞልተዋል። ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ የቤት ሠራተኛ ወደዚያ መውረድ የለባትም።

«እምቢ» ማለት እንደማይቀል እናውቃለን። ማዳምን በለሰለሰ ቃል «ልጆቹም ጥርሳቸውን የሚያጥቡት በዚሁ ውሃ ነውና ባለሙያ ይጠራ» ብትያት፣ ስለ ራስሽ ከምትለምኚው ይልቅ ሳትሰማሽ አትቀርም። የሚያሳዝን ነው፤ ግን እንዲህ ነው።

እስከዚያው የምትጠጪውን አፍልተሽ በንጹሕ ዕቃ ክደኚው። ከሙቅ ውሃ ቧንቧ አትጠጪ። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ከሸተተ ማፍላት ብቻ አይበቃውም፤ የታሸገ ውሃ ጠይቂ። ቤቱን ቀኑን ሙሉ የምታጸዳ ሰው ከዚያው ቤት የሚጠጣ ውሃ መጠየቋ ነውር የለበትም።