ጎዶሎ ሴትኪው፦ የተበላሸ የእሴት ምደባ በሊስፕ ኮምፓይለርና ኢንተርፕሪተር ፊት

ሊስፕ በኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከጆን ማካርቲ ስምና ከ1958 እ.ኤ.አ. ጋር ተጠቅሶ የሚታለፍ ቋንቋ ነው። ሆኖም ከትምህርት ክፍሉ ደጃፍ ውጪ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። በኮምቦልቻ አውቶካድን የሚከፍት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ አውቶሊስፕ የተባለውን የሊስፕ ዘር፣ ስሙን ባያውቀውም፣ በእጁ ይዞታል። የመንገድ ቁመታዊ ገጽታ የሚስሉ፣ የከፍታ ነጥቦችን የሚያነቡ፣ ቁልቁለትን የሚያሰሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። ማን እንደጻፋቸው አይታወቅም፤ የሚያርማቸውም የለም። እንግዲህ ቋንቋው የተሳሳተ ምደባ ሲያጋጥመው የሚያደርገው ወይም የማያደርገው ነገር የቋንቋ ንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ አይሆንም።

በሊስፕ ለተለዋዋጭ እሴት የሚሰጠው ሴትኪው በተባለው ቅርጽ ነው። ከቃሉ ቀጥሎ ስምና እሴት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይደረደራሉ። (ሴትኪው ከፍታ 2500.0 ርቀት 25000.0) ሲባል ሁለት ስሞች ሁለት እሴቶችን ያገኛሉ። (በዚህ ጽሑፍ የቋንቋው ቃላትና ስሞች ለንባብ እንዲመቹ በፊደላችን ቀርበዋል።) ጸሐፊው የመጨረሻውን ቁጥር ዘንግቶ (ሴትኪው ከፍታ 2500.0 ርቀት) ብሎ ቢዘጋው፣ ርቀት ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። ኢንተርፕሪተሩ ወይም ኮምፓይለሩ ምን ያድርግ?

ከቀረቡት መልሶች እጅግ አደገኛው የጎደለውን በኒል መሙላት ነው። ኢማክስ ሊስፕ ለረጅም ዘመን ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ለመጨረሻው ተለዋዋጭ ኒልን ሰጥቶ ዝም ይላል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢማክስ 25.1 እትም ልማዱን ሽሮ ሴትኪውም ሆነ ሴትኤፍ ሙሉ ጥንዶችን እንዲይዙ አስገደደ። ለውጡ የዘገየ እንጂ የተቻኮለ አልነበረም። ኒል በሊስፕ ውስጥ ባዶ ዝርዝርም፣ ሐሰትም፣ «የለም»ም ነውና፣ የተረሳ እሴትን በእርሱ መተካት ስሕተቱን ትርጉም ያለው መልስ አስመስሎ ማቅረብ ነው። በሒሳብ ስሌት ውስጥ ቢገባ ፕሮግራሙ ቢያንስ ይጮኻል፤ ኒል ከቁጥር ጋር አይደመርምና። በሁኔታ መፈተሻ ውስጥ ቢገባ ግን ያለ አንዳች ድምፅ ሌላውን መንገድ ይመርጣል፤ ከዝርዝር ጋር ሲቀጠልም እንዳልነበረ ይጠፋል።

የቀድሞውን ልማድ የሚደግፉ ሰዎች ክርክር ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ሌት በተባለው ቅርጽ እሴት ያልተሰጠው ስም ኒል እንደሚሆን በኮመን ሊስፕ የተደነገገ ነው፤ ታዲያ ሴትኪው ለምን ይለያል? የሚለየው በአንድ ነገር ነው። በሌት ውስጥ ብቻውን የቆመ ስም «አዲስ ተለዋዋጭ ፍጠርልኝ» የሚል ሙሉ ሐሳብ ይገልጻል። በሴትኪው ውስጥ ብቻውን የቆመ ስም ግን ግማሽ ሐሳብ ነው፤ ጥንዱ ከመሐል ቢጎድል ደግሞ የሚከተሉት ሁሉ አንድ ቦታ ይንሸራተታሉና እሴቱ በስም፣ ስሙ በእሴት ወንበር ይቀመጣል። በአንጻሩ ምንም ጥንድ የሌለው ባዶ ሴትኪው ሊፈቀድ ይገባል፤ ኮመን ሊስፕም ኒል መልሶ ያልፈዋል። ምክንያቱም ሊስፕ ውስጥ ኮድ የሚጽፈው ሰው ብቻ አይደለም፤ ማክሮም ይጽፋል። ዜሮ ስሞች የተሰጡት ማክሮ ዜሮ ጥንዶች ያሉት ሴትኪው ቢያወጣ ጥፋት አልሠራም። ዜሮም ሙሉ ጥንድ ነው።

ስሕተቱ ሊከለከል ይገባል ከተባለ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ መቼና በማን የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የሚወሳሰበው። ኮምፓይለሩ ፋይሉን ከሥራ በፊት ስለሚያነብ ጎዶሎውን ገና ሳይሮጥ ያያል። ፋይሉን በሙሉ ቢጥለው፣ ሁለት መቶ ደህና ተግባራት በአንድ ጎዶሎ መስመር ምክንያት ይቀራሉ፤ ተማሪውም አንዱን ስሕተት አርሞ ሌላውን ለማየት ዳግም ይጠብቃል። ማስጠንቀቂያ ጽፎ በኒል ቢሞላው ደግሞ ወደ ቀድሞው ልማድ ተመለስን። የተሻለው መንገድ ኤስ.ቢ.ሲ.ኤል. የተባለው የኮመን ሊስፕ ትግበራ የሚከተለው ነው፦ ስሕተቱን በኮምፓይል ጊዜ ከነቦታው ያስታውቃል፣ በተበላሸው ቅርጽ ምትክ ሲደረስበት ስሕተት የሚያስነሳ ኮድ ይተክላል፣ የቀረውን ፋይል መመርመሩን ይቀጥላል። የኢማክስ ኮምፓይለርም ከላይ ከተጠቀሰው ለውጥ በኋላ ወደዚሁ መንገድ መጥቷል።

ይህ መንገድ ግን አንድ ሁኔታ ካልተሟላ ዋጋ የለውም። በኮመን ሊስፕ ፋይል ኮምፓይል የሚያደርገው ተግባር ሦስት እሴቶችን ይመልሳል፤ ሦስተኛው ሥራው ከባድ ስሕተት እንደገጠመው የሚናገር ምልክት ነው። ይህን ምልክት ሳያይ የተገኘውን ፋይል የሚጭን ሰው ወይም መሣሪያ የኮምፓይለሩን ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። የተተከለው ስሕተት የሚፈነዳው ያ መስመር ሲነካ ነው፤ መስመሩ ደግሞ እምብዛም በማይጎበኝ ቅርንጫፍ ውስጥ ከሆነ፣ የሚነካው ከወራት በኋላ፣ ጸሐፊው ከተመረቀ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ኢንተርፕሪተሩና ኮምፓይለሩ ሁለቱም ስሕተት ቢያስነሱ እንኳ አንድ ዓይነት ናቸው ማለት እንዳልሆነ ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። ጥንዶቹን እያነበበ የሚሄድ ኢንተርፕሪተር ከላይ ባለው ምሳሌ በመጀመሪያ ከፍታን 2500.0 ያደርጋል፣ ቀጥሎ ርቀት ጋ ሲደርስ ይጮኻል። ኮምፓይል የተደረገው ግን ቅርጹን በሙሉ በስሕተት ተክቶታልና ከፍታን ሳይነካ ይቆማል። ስሕተቱን አጥምዶ የሚቀጥል ፕሮግራም ካለ፣ በአንዱ ከፍታ አዲስ፣ በሌላው አሮጌ ሆኖ ይገኛል። ተመሳሳዩ ኮድ ሁለት ዓለም ፈጠረ ማለት ነው። ስለዚህ ኢንተርፕሪተር የመጀመሪያውን እሴት ከማስላቱ በፊት የቅርጹን ሙሉነት ሊቆጥር ይገባል። ዋጋው ዝርዝሩን አንድ ጊዜ መቁጠር ብቻ ነው፤ በጥንታዊ ማሽን ዘመን ይህም ይታሰብ ነበር፣ ዛሬ ግን ምክንያት አይሆንም።

እስካሁን የተነገረው ስለ ቅርጽ ነው። ቅርጹ ፍጹም ሆኖ ስሙ የተሳሳተ ምደባ ከዚህ ይከፋል። አውቶሊስፕ እሴት ያልተሰጠውን ስም ሲጠየቅ ኒል ይመልሳል፤ ለማይታወቅ ስም እሴት ሲሰጠው ደግሞ ስሙን በዚያው ይፈጥረዋል። በተግባሩ መግቢያ ከዝባዝ መስመር በኋላ ያልተዘረዘረ ተለዋዋጭ ሁሉ ዓለም አቀፋዊ ሆኖ ሥዕሉ እስኪዘጋ ይኖራል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ እንውሰድ። ደሴ ወደ 2500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አማካይ ቁልቁለቱ 2.6 በመቶ ይሆናል። (በነጠላ ሙሉ ቁጥሮች 650ን ለ25000 የሚያካፍል ሰው አውቶሊስፕ ዜሮ ሲመልስለት ይደነግጣል፤ ይህ ግን የሌላ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።) አሁን ሐረጎ ላይ በ4000 ሜትር ውስጥ 300 ሜትር የሚወርድ ክፍል አለ እንበል፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ብቻ የተወሰዱ ናቸው። ተማሪው ሁለተኛውን ተግባር ሲጽፍ (ሴትኪው ርቅት 4000.0) ብሎ አንዲት ፊደል ቢስት፣ ስሌቱ ግን ርቀት የሚለውን ቢጠቀም፣ ከመጀመሪያው ተግባር የቀረው 25000.0 አሁንም በቦታው አለ። መልሱ 7.5 በመቶ መሆን ሲገባው 1.2 በመቶ ሆኖ ይወጣል። ስሕተት አልተነሳም፣ ማስጠንቀቂያ አልተጻፈም፣ ቁጥሩም ለዓይን የማይታመን አይደለም። ዳገቱን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ብቻ ይጠረጥረዋል።

ስኪም በዚህ ጠንካራ ነው፤ ምደባው አስቀድሞ የተፈጠረን ተለዋዋጭ ይጠይቃል፣ አለዚያ ስሕተት ነው። ኤስ.ቢ.ሲ.ኤል. መካከለኛውን ይዞ ያልታወጀ ተለዋዋጭ መኖሩን ያስጠነቅቃል፣ ሥራውን ግን ይቀጥላል። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ በሚሞክርበት መስኮት ይህ ልዝብነት ተገቢ ነው፤ ሐሳብ እየተፈተሸ እያንዳንዱን ስም አውጅ ማለት የሊስፕን ነፍስ መንፈግ ነው። ከፋይል በሚጫን ኮድ ግን አይሠራም። ፋይል የሚጫነው ጸሐፊው በሌለበት ነውና፣ በዚያ ያልታወጀ ስም ላይ የሚደረግ ምደባ ስሕተት ሊሆን ይገባል።

ኮዱን በአማርኛ ስሞች መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ጉዳዩ ሌላ ገጽ አለው። ደሴ ያለ አንድ ጸሐፊ «ኃይል» ብሎ ያወጀውን፣ ኮምቦልቻ ያለ ባልደረባው «ሀይል» ብሎ እሴት ቢሰጠው፣ ለአንባቢ አንድ ቃል ነው፤ ለሊስፕ ሁለት ተለዋዋጭ ነው። ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ ሲቀበል ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን ለየብቻ ቁጥር ሰጥቷቸዋል፤ የዩኒኮድ የጽሑፍ ማስተካከያ ደንብም አያዋህዳቸውም፤ ሊያዋህዳቸውም አይገባም፣ ግእዝ ልዩነታቸውን ይፈልገዋልና። ኮምፓይለሩም በዝምታ አንድ ሊያደርጋቸው አይገባም፤ ያ የጎደለውን በኒል ከመሙላት የማይሻል ግምት ነው። ማድረግ የሚችለው ያልታወጀ ስም ሲያገኝ ሞክሼ ፊደላቱን አጥፎ ከታወጁት ስሞች ጋር ማወዳደርና «ኃይል የሚል አለ፤ እርሱን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሚያስፈልገው የሞክሼ ፊደላት ሠንጠረዥ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ሥራውም የኮምፓይለሩን ውስጥ ሳይነኩ ፋይል ከመጫኑ በፊት በሚሮጥ መመርመሪያ ሊሠራ ይችላል።