«ማንነት» ማለት «ያውነት» አይደለም

በኢትዮጵያ ፖለቲካ ውስጥ «ማንነት» የሚለውን ቃል ያህል በተደጋጋሚ የሚነሳ፣ የዚያኑ ያህል ደግሞ ትርጉሙ የማይመረመር ቃል ማግኘት ይከብዳል። የማንነት ጥያቄ፣ የማንነት ፖለቲካ፣ ማንነትን መሠረት ያደረገ ጥቃት እየተባለ በየዕለቱ ይዘገባል። ዜናው በእንግሊዝኛ ሲወጣ ሁሉም «አይደንቲቲ» ይሆናል። ተርጓሚው አይወቀስም፤ መዝገበ ቃላቱም የሚለው ይህንኑ ነው። ይሁንና ሁለቱ ቃላት የተወለዱት ከተለያየ ቦታ ነው፤ የልደታቸው ልዩነት ደግሞ ዛሬ ሰው በሚሞትበት ክርክር ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው።

የእንግሊዝኛው ቃል ሥሩ ላቲን ነው። «ኢደም» ማለት «ያው፣ ያው ራሱ» ማለት ነው። አወጣጡም የአማርኛውን ይመስላል፤ አማርኛ «ያ» ብሎ ከመጠቆም ተነስቶ «ያው» እንዳለ፣ ላቲንም ከጠቋሚ ቃሉ ላይ ማጠናከሪያ ቀጥሎ «ኢደም» አለ። ከዚህ ቃል «ኢደንቲታስ» የሚል ረቂቅ ስም ወጣ። እሱም በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ገደማ እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ቢመለስ «ያውነት» ማለት ነው።

«ማንነት» ግን የወጣው «ማን» ከሚለው የጥያቄ ቃል ነው። «ያው» ሲባል ሁልጊዜ «ከምን ጋር?» የሚል ንጽጽር አለ። «ማን» ሲባል ግን ተጠያቂው ራሱ አፉን ከፍቶ እስኪመልስ ይጠበቃል። መልሱም አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የእገሌ ልጅ፣ የእገሊት ባል፣ የጎንደር ሰው፣ አናጺ፣ ሙስሊም ወይም ክርስቲያን፣ የዚህ ወይም የዚያ ቋንቋ ተናጋሪ።

«ያውነት» ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከራስ ጋር ያው መሆን ነው፤ ትናንት የነበረው ሰው ዛሬም እሱ ራሱ ነው ማለት። ሁለተኛው ከሌላ ጋር ያው መሆን ነው፤ ይህ ሰው ከእነዚያ ሰዎች ጋር አንድ ዓይነት ነው ማለት። የእንግሊዝኛው ቃል ሁለቱንም በአንድ ልብስ ጠቅልሎ ይዟል።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1694 በታተመው የታወቀ ድርሰቱ ሁለተኛ እትም ላይ ስለዚህ ቃል አንድ ምዕራፍ ጨመረ። የእሱ ጭንቀት የመጀመሪያው ዓይነት ነበር፤ አንድን ሰው በዘመናት መካከል ያው ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው? የልዑል ነፍስ ትዝታዋን ሁሉ ይዛ የጫማ ሰፊ ገላ ውስጥ ብትገባ ያ ሰው ማን ነው? ሎክ ልዑሉ ነው አለ፤ ሰውን ያው ሰው የሚያሰኘው ሥጋው ሳይሆን ስለራሱ ያለው ንቃተ ኅሊና ነው ብሎ ያምን ነበርና። በዚያ ምዕራፍ የነገድና የጎሳ ጉዳይ ዋናው ጥያቄ አልነበረም።

ቃሉን ከፈላስፎች ጠረጴዛ አውርዶ ወደ አደባባይ በማምጣት ትልቁን ድርሻ የያዘው ኤሪክ ኤሪክሰን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። በጀርመን ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ይህ ሰው የወለደውን አባት አያውቅም ነበር። «ኤሪክሰን» የሚለውንም ስም ራሱ ነው ያወጣው። እ.ኤ.አ. በ1950 ካሳተመው መጽሐፍ ወዲህ «የማንነት ቀውስ» የሚለው አባባል በየቤቱ ገባ። በኤሪክሰን እጅ ቃሉ ድልድይ ሆነ፤ ግለሰቡ ከራሱ ጋር ያለውን ቀጣይነት ከማኅበረሰቡ ጋር ከሚጋራው ነገር ጋር አያያዘ።

«የማንነት ፖለቲካ» የሚለው አጠራር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 የቦስተን ጥቁር ሴቶች ባወጡት የኮምባሂ ሪቨር ኮሌክቲቭ መግለጫ ይታወቃል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። እነዚያ ሴቶች የተነሱት በግዴታ «ያው ናችሁ» መባል ስላስመረራቸው ነው። በሴቶች ንቅናቄ ውስጥ ከነጭ ሴቶች ጋር ያው፣ በጥቁሮች ንቅናቄ ውስጥ ከወንዶች ጋር ያው ተደርገው ተቆጠሩ፤ የራሳቸው ሕይወት ግን በሁለቱም ውስጥ ጠፋ። የማንነት ፖለቲካ ሲነሳ የያውነት ተቃዋሚ ነበር።

በኢትዮጵያ የሆነው ምንድን ነው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ብሔርን፣ ብሔረሰብንና ሕዝብን ሲተረጉም መስፈርቶችን ይደረድራል። ከመስፈርቶቹ አንዱን የእንግሊዝኛው ቅጂ በ«አይደንቲቲ» ሲገልጸው፣ የአማርኛው ቅጂ ግን በዚያው ቦታ «ህልውና» ይላል። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ነው። አንዱ ቅጂ ስለ መመሳሰል፣ ሌላው ስለ መኖር ይናገራል። ሁለቱም ግን «አለን ብለው የሚያምኑ» በሚለው ሐሳብ ይስማማሉ፤ ዳኛው የባለቤቱ እምነት ነው ማለት ነው።

የስልጤ ጉዳይ ይህን በተግባር አሳይቷል። የስልጤ ሕዝብ በጉራጌ ሥር ሲቆጠር ቆይቶ ጥያቄው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ፤ በ1993 ዓ.ም. በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔም ራሱን የቻለ ሕዝብ መሆኑን በድምፁ አረጋገጠ። ስሙ «የማንነት ጥያቄ» ይባል እንጂ የቀረበው ጥያቄ «ያው ናችሁ ወይስ አይደላችሁም?» የሚል ነበር። መልሱን የሰጡት ባለቤቶቹ መሆናቸው ነው ነገሩን ያሳመረው።

ችግሩ የሚመጣው የቡድኑ ያውነት ተመልሶ የግለሰቡን ማንነት ሲውጠው ነው። መታወቂያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቃሉ ከ«ማወቅ» የወጣ ነው፤ ሥራውም የሎክ ሥራ ነው። ካርዱን የያዘው ሰው መዝገቡ ላይ ያለው ያው ሰው መሆኑን ማሳየት። ለዚህ ስም፣ ፎቶና ፊርማ ይበቃሉ። ሆኖም ለዓመታት በብዙ ቀበሌዎች መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ የሆነ ልጅ ከአንዲት መስመር ፊት ቆሞ አንደኛውን ወላጁን እንዲተው ይገደድ ነበር። የከፋው ደግሞ ግጭት ሲነሳ ነው። ካርዱን የሚቀበለው ሰው «ይህ ማን ነው?» አይልም፤ «ከእነማን ጋር ያው ነው?» ብሎ ነው የሚያነበው። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ምን አደረገ፣ ምን አመነ፣ ማንን ወደደ የሚለው ሁሉ ዋጋ ያጣል።

ከዚህ ተነስቶ «ስለ ብሔር አይወራ፤ ሁላችንም ያው ነን» ማለት ግን መፍትሔ አይሆንም። ቋንቋው የተናቀበት፣ ስሙን በመዝገብ ቤት ያስቀየረ ሰው ይህን አባባል በሚገባ ያውቀዋል። ያ ራሱ ሌላ ያውነት ነው፤ ልዩነቱ ጠቅላዩ ትልቅ መሆኑ ብቻ ነው። ሁለቱ ወገኖች አገር እስኪናወጥ ሲከራከሩ የሚጣሉት በያውነቱ ስፋት ላይ ነው። «ማን ነህ?» ብሎ የጠየቀና መልሱን ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ግን ከሁለቱም በኩል ጥቂት ነው።

በጎ ምልክት የለም ማለት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የ«ፋይዳ» መታወቂያ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ ፎቶ፣ የጣት አሻራና የዓይን ምስል ይመዘግባል፤ ብሔርን አይመዘግብም። መንግሥት ዜጋውን ለማወቅ ከማን ጋር እንደሚመሳሰል መጠየቅ እንደማያስፈልገው ይህ አንድ ማስረጃ ነው። ብሔሩን የሚወድ ሰው ብሔሩ አልተነካበትም፤ በራሱ አፍ፣ በራሱ ቋንቋ፣ በወደደው ጊዜ ይናገረዋል።

እንግሊዝኛ ለዚህ ጉዳይ ያገኘው ቃል «ያው» ከሚል ሥር የበቀለ ነው፤ ባለቋንቋዎቹም ለዘመናት ሲታገሉበት ኖረዋል። አማርኛ ግን «ማን?» የሚል ጥያቄ በእጁ አለ። ጥያቄን ለጠየቀ የሚገባው መልሱን ከተጠያቂው መስማት ነው፤ ከካርድ ላይ ማንበብ አይደለም።