ስሙ ያልተጠራው ነገር

የአማርኛን ሥነ ጽሑፍ የቀመሰ ሰው ሁሉ ሰምና ወርቅ የሚባለውን ያውቃል። ቃሉ በላይ አንድ ነገር ይናገራል፤ ከሥሩም ሌላ ነገር ይሸሽጋል። የቅኔ ተማሪ ኅብሩን፣ ማለት ሁለቱን ትርጕም አጣምሮ የያዘውን ቃል፣ ካገኘ ወርቁ ወዲያው ይወጣለታል። ነገር ግን ኅብር የሌለው ሰምና ወርቅም አለ፤ ይኸውም ሰዎች የሚናገሩት ሁሉ ሰም፣ የማይናገሩት ደግሞ ወርቅ ሆኖ ሲገኝ ነው። ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነን አሜሪካዊው ደራሲ ኤርነስት ሄሚንግዌይ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1927 ዓ.ም. ያሳተመው «ነጫጭ ዝሆኖች የሚመስሉ ኮረብቶች» የተባለው አጭር ልብ ወለድ ነው። ጥቂት ገጾች ብቻ ስለሆነ፣ አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ አንባብያን ደጋግማችሁ ልታነቡትና ወደ አማርኛ ልትመልሱት ትችላላችሁ። መመለሱ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በእስፓኝ አገር፣ በኤብሮ ወንዝ ሸለቆ፣ አንድ አሜሪካዊና አብራው የምትጓዝ ወጣት ሴት ከባርሴሎና ወደ ማድሪድ የሚያልፈውን ፈጣን ባቡር በጣቢያ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ባቡሩ ሊደርስ አርባ ደቂቃ ቀርቶታል፤ ሙቀቱም ከባድ ነው። ቢራ ያዝዛሉ፤ ከዚያም እንደ ኡዞ ያለ፣ ውሃ የሚጨመርበት የአኒስ መጠጥ ይቀምሳሉ። ስለ መጠጡና ስለ ኮረብቶቹ ይነጋገራሉ። ኋላ ሰውዬው ስለ አንድ ኦፕራሲዮን ያነሣል፤ የምን ኦፕራሲዮን እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይነገርም። ልጅቱ ማርገዟን፣ ሰውዬውም ፅንሱን እንድታስወርድ መፈለጉን አንባቢ የሚረዳው ከዚሁ ዝምታ ነው። ባቡሩ ገና ሳይደርስ ታሪኩ ያበቃል።

ጠቡን ማንም በግልጽ አያነሣውም፤ ምልልሱ ግን ያወጣዋል። ልጅቱ ከሸለቆው ማዶ ያሉትን ኮረብቶች አይታ ነጫጭ ዝሆኖች እንደሚመስሉ ትናገራለች። ሰውዬው ነጭ ዝሆን አይቶ እንደማያውቅ ይመልሳል። እርሷም የእርሱ ዓይን እንዲህ ያለውን ነገር ሊያይ እንደማይችል የሚያሰማ መልስ ትሰጠዋለች፤ እርሱም የእርሷ ቃል ማስረጃ እንደማይሆን እየተናገረ እንደ ጠበቃ ይከራከራታል። ስለ ዝሆን እንዲህ አምርሮ የሚከራከር ሰው በውነቱ የሚከራከረው ስለ ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ የሰውዬው ንግግር አንድ መንገድ ይይዛል። ካልፈለገች እንዳታደርገው ይነግራታል፤ ወዲያውም ነገሩ እጅግ ቀላል መሆኑን ይጨምራል። ይህን ስለሚመላልሰው ቀላልነቱን ማመን ያቅተናል። እርሷ ለራሷ ግድ እንደሌላት ገልጻ እሺ ስትለው ጕዳዩ ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ዓይነት እሺታ ደስ አይለውም። ፈቃዷን ማግኘት አልበቃውም፤ በደስታ እንድትፈቅድለትም ይሻል። በእኔ አስተያየት የታሪኩ ጭካኔ ያለው በዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ ልጅቱ በአንድ ትንፋሽ ሰባት ጊዜ እየለመነች ዝም እንዲልላት ትጠይቀዋለች። በጽሕፈት ቤት የሚሠራ ሰው ይህን እሺታ ሳያውቀው አይቀርም፤ ባለጕዳይ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ሲወጣ ተስማምቶ ይሁን ተስፋ ቈርጦ ቃሉ ብቻውን አይነግረንም።

አሁን ወደ ተምሳሌቱ እንምጣ። በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ነጭ ዝሆን» ማለት ለባለቤቱ ወጭና ሸክም ብቻ የሚሆን ንብረት ነው። የሲያም ነገሥታት ሊያደኸዩት ለሚፈልጉት ባለሟል ነጭ ዝሆን ይሸልሙት ነበር እየተባለ ይተረካል፤ ነጩ ዝሆን የተከበረ ስለሆነ ሊሠሩበትም ሆነ ሊሸጡት አይቻልም፤ መቀለብ ብቻ ነው። እንግዲህ ያው አንድ ፅንስ ለሰውዬው ሸክም፣ ለልጅቱ ግን ብርቅ ነገር ይሆናል። ኮረብቶቹን ነጭ ዝሆን ያለቻቸው እርሷ ናት፤ ቈየት ብላም ቃሏን መልሳ፣ በውነቱ ዝሆን እንደማይመስሉ ትናገራለች። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል፤ ልጅቱ የምትመልሰው ስለ ኮረብታ የተናገረችውን ብቻ አይደለም።

ጣቢያው በሁለት ሐዲዶች መካከል ነው። በአንዱ ወገን ዛፍና ጥላ የሌለው ደረቅ አገር፣ በሌላው ወገን የእህል ማሳና በወንዙ ዳር የቆሙ ዛፎች አሉ። ልጅቱ ተነሥታ እስከ ጣቢያው ጫፍ ሄዳ ለምለሙን ወገን ትመለከታለች፤ ሰውዬው ወደ ጥላው እንድትመለስ ይጠራታል። ሻንጣዎቻቸውም ባደሩባቸው ሆቴሎች ወረቀት ተለጣጥፈዋል፤ እርሱ እንዲቀጥል የሚሻው ኑሮ ያ ነው። አንዳንድ መምህራን በበሩ ላይ ያለውን የዶቃ መጋረጃና በማሳው ላይ የሚያልፈውን የደመና ጥላ ሳይቀር ይፈቱታል። እኔ ደመናውን ደመና ብዬ እተወዋለሁ።

ደራሲው በ1932 ዓ.ም. ስለ ኮርማ ግጥሚያ በጻፈው መጽሐፍ፣ የበረዶ ተራራ ግርማ ከስምንት እጅ አንዱ ብቻ ከውሃ በላይ በመታየቱ እንደሆነ አስተምሯል። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ግን የተሰወረውን ሳይፈልግ ከውሃው ሊያወጣው ይችላል። በእንግሊዝኛው ያቺ ትንሽ ተውላጠ ስም አንድ ጊዜ ኦፕራሲዮኑን፣ አንድ ጊዜ ኑሯቸውን ሁሉ ታመለክታለች፤ ፆታ ስለሌላትም አትያዝም። አማርኛ ግን «እሱ» ወይም «እሷ» ብሎ መምረጥ አለበት፤ ሰው ያልሆነውን ነገር ሰው ያስመስለዋል። ስለዚህ «ነገሩ» ማለት ይሻላል፤ እኛም በቤታችን ልንጠራው የማንፈልገውን ሁሉ «ነገሩ» እንላለንና። ሁለተኛው ፈተና አጠራሩ ነው። ባልና ሚስት ሲኳረፉ በ«አንቺ» ፋንታ «እርስዎ» መባባል በእኛ ዘንድ ይሰማል። ልጅቱ ስትለምን «እባክዎ» ብትል ለጆሯችን ይጥማል፤ ነገር ግን ጠቡ ይገለጥና ታሪኩ ይበላሻል። «እባክህ» ማለት አለባት።

በመጨረሻ ሰውዬው ሻንጣዎቹን ወደ ሌላው ሐዲድ ወስዶ ይመለሳል፤ ተሽሏት እንደሆነም ይጠይቃታል። እርሷም ፈገግ ብላ ጤና መሆኗን ትነግረዋለች። ወደ ማድሪድ ሄዳ ኦፕራሲዮኑን ትቀበል እንደሆነ አንባብያን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ይህን የመጨረሻ መልስ በ«ደኅና ነኝ» መመለስ ይቻላል፤ ይህ ግን ሰው ጧት ጧት ለሰላምታ የሚለው ነው። እኔ «ምንም አልሆንሁም» የሚለውን እመርጣለሁ።