«ቀለል ያለ ሠርግ» ለማን ነው የሚቀለው?

ከመሃላችን አንዷ ልትዳር ነው (እልል በሉ!)። አዳራሽ የለም፣ ሊሞ የለም፣ ባለሦስት ፎቅ ኬክ የለም። ሠርጉ ኦጎልቾ፣ እናቷ ግቢ ውስጥ፣ በገዛ እጃችን ይደገሳል ተባለ። ኦጎልቾን ለማታውቁ፦ ከአሰላ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ቁልቁል ሲወረድ የምትገኝ፣ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ከተማ ነች። የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው አንድ የስንዴ ዝርያም ስሟን ይዟል።

ሐሳቡ ሲነሳ ሁላችንም አጨበጨብን። ዳስ እናቆማለን፣ የሸክላ ማሰሮ እንደረድራለን፣ ፎቶው ደግሞ ጉድ ነው! ከዚያ አንድ ቅዳሜ ወርደን እናቷን (እኛም «እናትዬ» ነው የምንላቸው) አማከርናቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥሩ ጀመር። ብቅሉ ይበቅላል፣ ጌሾው ይወቀጣል፣ ጠላው ከሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይጠነሰሳል። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ደርቆ፣ ተደልዞ ይፈጫል። ሽንኩርት የሚከትፉ ሴቶች አስቀድመው ይጠራሉ። ከጎረቤቱ ብዙው ሙስሊም ነው፤ ስለዚህ ለእነሱ ሌላ በሬ በራሳቸው ሰው እጅ ይታረዳል፣ ድስቱም ማማሰያውም ይለያል፣ መጠጡ ከሪቦ ይሆናል። ድንኳኑና ብረት ድስቱ ከእድር ነው። ውሃስ? ማገዶስ? ስንዴው ጎተራ ሳይገባ ደግሞ ማንም ለሥራ አይገኝም፤ ስለዚህ ጥር። ጥር ግን የአገሩ ሁሉ ሠርግ ነው።

ይሄን ሁሉ ነው እኛ «ሲምፕል» ያልነው።

አዲስ አበባ ቢሆን ለአዳራሹ ብር ከፍለን እንገላገል ነበር። ኦጎልቾ ላይ የሚከፈለው በጉልበት ነው፤ ጉልበት ደግሞ ብድር ነው። ዛሬ ጭስ ውስጥ የዋለችው ጎረቤት ነገ ልጇን ስትድር፣ ሙሽሪት ቦሌ ቢሮዋ ውስጥ ናት። ሄደው ሽንኩርት የሚከትፉት እናትዬ ናቸው፤ በዚያ ጉልበታቸው!

ሠርጉ ይቅር አላልንም። ግን ለፎቶ ብቻ አንሂድ። አንዱ ጓደኛችን ሲንቄዋን በአበባ አስጊጠን በሩ ላይ እንስቀላት ብሎ ነበር። ሲንቄ እኮ በአርሲ ኦሮሞ ባህል እናት ለልጇ በሠርጓ ዕለት የምትሰጣት በትር ናት። ሴት ስትበደል ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጡላታል። ዲኮር አይደለችም ወዳጄ።

የእኛ ሐሳብ ይኸው ነው፦ የዓመት ፈቃዳችንን ወስደን ሳምንት ቀድመን እንውረድ፣ ከአዲስ አበባ የሚጫነው እንግዳ ከአንድ ሚኒባስ አይለፍ፣ ውሃ መቅዳቱ የወንዶቹ ይሁን። የጎረቤት ልጅ ሠርግም ሲደርስ ተመልሰን እንውረድ።

እስካሁን ለሽንኩርት የተመዘገብነው አራት ነን። ሙሽራው አምስተኛ ልሁን ብሏል፤ እናትዬ ግን «ሙሽራ ሽንኩርት ሲከትፍ? በጭራሽ!» ብለው ቁጭ ብለዋል።