በአንዷ ተበላሁ

ቁማርተኛን መስደብ ቀላል ነው። ሰነፍ፣ ላቡን የማይወድ፣ አቋራጭ ፈላጊ እንለውና ወደ ቡናችን እንመለሳለን። ይህ ስድብ ታከተኝ። የሚጠቅመው ቲኬት ሻጩን ብቻ ነው።

እስቲ ስድቡን ትተን ቲኬቱን እንመርምር። ዕድላቸው እኩል የሆነ ሁለት ውጤት ካለ፣ ትክክለኛው ክፍያ ሁለት እጥፍ ነው። ቤቲንጉ ግን 1.90 ይሰጥሃል። ልዩነቷ ኢምንት ትመስላለች አይደል? እንግዲህ እንደ ሰፈሬ ልጆች አሥር ጨዋታ በአንድ ቲኬት ቁረጥ። አሥሩም የመግባታቸው ዕድል ከ1,024 አንዴ ነው። በ100 ብርህ 102,400 ብር ሊደርስህ ሲገባ፣ የሚከፈልህ 61,300 ገደማ ነው። ጨዋታ በጨመርክ ቁጥር የቤቱ ድርሻ ያብጣል። ግብሩን ገና አላነሳሁም፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በ2008 ዓ.ም. ሲወጣ በእንዲህ ያለ ገቢ ላይ 15 በመቶ ነበር የጣለው። የአርሰናልን አሰላለፍ በቃልህ መወጣትህ ይህን ስሌት አያቃናውም።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን «በአንዷ ተበላሁ» የምትለዋ ናት። ዘጠኙ ገብተው አንዷ የቀረችበት ልጅ የተሸነፈ አይመስለውም፤ ለጥቂት የሳተ፣ ነገ የሚያገኘው ይመስለዋል። በዚያው ስሌት ግን በአንዷ የመበላት ዕድል አሥሩንም ከማግባት አሥር እጥፍ ይበልጣል! ለጥቂት መሳት የጨዋታው ተፈጥሮ ነው። አእምሮም ለጥቂት ሲስት ማሸነፍ እንደቀረበው ሆኖ ይነሳሳል። ድሮ ቢያንስ የቅዳሜን ጨዋታ መጠበቅ ነበረበት። አሁን አውሮፕላኗ ሽቅብ ወጥታ እልም የምትልበት ጨዋታ በሴኮንዶች ያልቃል፤ ሌሊት፣ አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ከቴሌብር በቀጥታ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች መዝገብ የቁማር ሱስ በሽታ ነው። ምልክቱን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም፦ የተበላውን ለማስመለስ መልሶ መቁረጥ፣ መዋሸት፣ መበደር፣ የኪራዩን ብር መንካት።

እኛስ ምን እናደርጋለን? ሽማግሌ ሰብስበን እናስምላለን። አንዲት ጎረቤቴ የልጇን ዕዳ በእቁብ ብሯ ዘጋችለት። «እማዬ ሙች፣ ሁለተኛ አልነካውም» አላት። ወር ሳይሞላ ሌላ አበዳሪ በሩን አንኳኳ። ልጁ ሲምል አልዋሸም፤ ግን የማለው ስልኩን በኪሱ፣ ደመወዙን በእጁ ይዞ ነው። ወገኖቼ፣ ጥሬ ገንዘብ አትስጡት። ዕዳ ከከፈላችሁም ለአበዳሪው ራሱ ስጡ። ደመወዙን ፈቅዶ የሚያምነው ሰው ይያዝለት፤ የቤቲንጉ አካውንት ይዘጋ፣ መተግበሪያው ከስልኩ ይጥፋ። እንደ አማኑኤል ያለ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። መሞትን ካነሳ ደግሞ እንደ ቀልድ አትለፉት፤ ያን ቀን ብቻውን አትተዉት።

ይህ ሁሉ ግን የቤተሰብ ጭንቀት ብቻ ሆኖ መቅረቱ ያናድደኛል። ውርርዱን የፈቀደው መንግሥት ነው፤ ግብሩንም ይበላል። እንግዲያው ልጓሙንም ይያዝ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2007 የቁማር ማሽኖችን ከየሱቁ ጠርጋ አወጣች። ልጆቻችን የሚያብዱለት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 የቁማር ስፖንሰርን ከማሊያቸው ደረት ለማንሳት ተስማምተዋል። ብሪታንያ ውስጥ አንድ ሰው በብሔራዊው መዝገብ ራሱን ካሳገደ፣ ፈቃድ ያለው የኢንተርኔት አቋማሪ ሁሉ ሊያጫውተው አይችልም።

ለእኛ ይህ ምኑ ይከብዳል? ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ አለን። ራሱን ያሳገደ ሰው ቁጥሩ ይመዝገብ፣ ሁሉም ቤቲንግ ቤት ይዝጋበት! የቀን ገደብ ይኑር፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብር ማስገባት ይከልከል።

እናንተም አቋማሪ ድርጅቶች፣ «ኃላፊነት ተሰምቶዎት ይጫወቱ» የምትል ጽሑፍ ጥግ ላይ ለጥፋችሁ ነጻ የወጣችሁ አይምሰላችሁ። ልጁ በአንድ ሌሊት የወር ደመወዙን ሲያፈስ፣ ብሩ ስንት ሰዓት እንደገባና ስንት ጊዜ እንደተበላ በሰከንድ ታውቃላችሁ። ታዲያ በማግስቱ ጠዋት የቦነስ መልእክት የምትልኩለት ለምንድን ነው?